ስንጥቋን የደበቀችው ቅል

ተረት ልነግራችሁ ነው። ድምፄ ትንሽ ነውና ቀረብ በሉ። ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ብናገርም አትታዘቡኝ። ይህ ተረት ለብዙ ዘመን በሆዴ የኖረ ነው፤ በሆድ የኖረ ነገር ደግሞ ሲወጣ ያሳፍራል። እናንተ ብቻ "ይሁን፣ ንገሪን" በሉኝ።

ይሁን ካላችሁኝማ፣ ድሮ ነው። ዶማ አፍ በነበረው ዘመን፣ ዳስ በሚያወራበት ዘመን፣ ጉም በየደጁ እየዞረ "ቤቶች!" በሚልበት ዘመን፣ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ እንጉዳይ የምትባል ሴት ከባሏ ከጓንጉል ጋር ትኖር ነበር። ላም የላቸው፣ በሬ የላቸው፤ ሀብታቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጓሮ ነበር። በጓሮው በርበሬ ይተክሉ ነበር። የጓንጉል በርበሬ ሲወቀጥ ከወንዝ ማዶ ያለው ሰው ያስነጥስ ነበር ይባላል።

ጓንጉል በየዓመቱ ምርጥ ምርጡን ዛላ ለይቶ ዘሩን ያወጣል። ዘሩን አንገቷ ረጅም በሆነች ቅል ውስጥ ይጨምራል። አፏን በበቆሎ ቆረቆንዳ ይወትፋል፣ በእበት ይመርጋታል፣ ጭስ እንዲያገኛትና ነቀዝ እንዳይደፍራት ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቅላታል። ከጎኗ እንጉዳይ ሰፌድ የምትሰፋበት ወስፌ ተሰክቶ ይውላል።

ቅሏ ዓይን አፋር ነበረች። ሰው ትኩር ብሎ ሲያያት ወደ ግድግዳው ትዞራለች። በልቧ ግን "የጓንጉል ዘር በእኔ ሆድ ነው" እያለች ትኮራ ነበር።

በአንድ ጥቅምት ጓንጉል ዘሩን ከተተ፣ ቅሏን መረገ፣ እጁን ታጠበና ጋደም አለ። በዚያው ታመመ። በዚያው ሞተ።

ቤቱ በለቀስተኛ ተጨናነቀ። ሬሳው ሲወጣ ከተሸካሚዎቹ የአንዱ ትከሻ ቅሏን ገጫት፤ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ቀጭ አለች። ሰው ሁሉ ይጮኽ ስለነበር የሰማት የለም። በጀርባዋ በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣባት።

ለቀስተኛው ሲበተን እንጉዳይ ቀና ብላ አየቻት።

"ቅሌ፣ ሲገጩሽ ያየሁ መሰለኝ። ተጎዳሽ እንዴ?"

ቅሏ በልቧ አሰበች። "የእሷ ቤት ፈርሶ እኔ የጀርባዬን ስንጥቅ ላውራ? ደግሞስ የተሰነጠቀ ቅል ቦታው የአመድ መድፊያው ላይ አይደለም?" ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

"ደህና ነኝ እመቤቴ" አለች።

በዚያ አገር አንድ ወግ ነበር። ሟች በእጁ የከደነው ዘር እስከሚዘራበት ቀን ድረስ አይከፈትም፣ አይነካም፣ አይፈተንም። ስለዚህ ቅሏን አውርዶ የሚያገላብጥ ሰው አልነበረም። ውስጧን የምታውቀው እሷው ብቻ ነበረች።

በልግ መጣ። እንጉዳይ ከል ለብሳ፣ ራሷን በነጠላ ሸብ አድርጋ ከደጅ ተቀምጣ ቀረች። ጓሮው አልተቆፈረም። መሬቱ ጦም አደረ።

የጓንጉል ታናሽ ወንድም ቢያድግልኝ ይባል ነበር። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣና ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካው።

"እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ?"

"እንዳየኸኝ ነኝ።"

"ጓሮው አረም ለበሰ እኮ። ስምሽ እንኳ እንጉዳይ ሆኖ፣ እንጉዳይ ያለ ዘር ያለ ቁፋሮ ይበቅል የለም? ምነው አንቺ?"

"ሐዘን ላይ ያለች ሴት አይቀለድባትም፣ ቢያድግልኝ።"

"ቀልዴን አይደለም። የአባቶቻችንን ሕግ ታውቂያለሽ። ሁለት በልግ ጦም ያደረ ጓሮ ወደ ሟች ወንድም ይመለሳል። የዘንድሮውን ሐዘንሽ ነው ብያለሁ። በሚመጣው በልግ ግን ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። አረንጓዴ ካየሁ ምርቃቴን ሰጥቼ እመለሳለሁ፤ ካላየሁ ያንቺ ጓሮ የእኔ ጓሮ ነው።"

እንጉዳይ ወደ ቤት ገብታ ቅሏን አየቻት። "አንቺ አለሽልኝ" አለቻት። ቅሏ ጀርባዋን ይበልጥ ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

ክረምት ገባ። ጉም ከገደሉ ሥር እየተጎተተ ወጣና በግድግዳው ቀዳዳ ቤት ውስጥ ገባ።

"ቤቶች!" አለ ቀስ ብሎ።

"ማነው?" አለች ቅሏ።

"እኔ ነኝ፣ ጉም። በረደኝ እህቴ። በዚያች በስንጥቅሽ ጣቴን ብቻ አስገብቼ ላሙቅ።"

"እኔ ስንጥቅ የለኝም!"

"ታዲያ ጣቴ የት ነው ያለው?" ብሎ ሳቀባት።

ቅሏ ደነገጠች። "እባክህ ለሰው አትናገርብኝ።"

"እኔ? ስሄድ ኮቴዬ የማይሰማ፣ ስመጣ ድምፄ የማይሰማ? አንቺ ዝም በይ፣ እኔም ዝም እላለሁ።"

መጀመሪያ ጣቱን አስገባ። ሁለተኛ ሲመጣ ክንዱን አስገባ። ሦስተኛ ሲመጣ ሙሉ ገላውን አስገብቶ በዘሩ ላይ ተኛበት። እሳት ሲነድ ይነሳል፣ እሳት ሲጠፋ ተመልሶ ይተኛል። ቅሏ በሆዷ ውስጥ ዘሩ ሲርስ፣ ሲሞቅ፣ ሲታፈን ይሰማት ነበር። ልትጮኽ ትልና "ማን ሰነጠቀሽ፣ መቼ ተሰነጠቅሽ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም ብትለኝስ?" ብላ ትተወዋለች። የመጀመሪያው ዝምታ ሁለተኛውን ወለደ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት።

አንድ ቀን እንጉዳይ እንጨት ስትጨምር እጇ ቅሏን ነካት።

"ቅሌ፣ ምነው ቀዘቀዝሽ?"

"ክረምት አይደል፣ እመቤቴ? ደህና ነኝ።"

ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ተጋመሰ። የካቲት ሲመጣ፣ ከበልጉ ዝናብ አስቀድማ፣ እንጉዳይ ከሉን አጥባ አጠፈችና ወገቧን ታጠቀች። ጓሮዋን ልታዘጋጅ ተነሣች። መጀመሪያ ወደ ዶማው ሄደች።

"ዶማዬ፣ ምን ጎደለህ?"

ዶማው አፉ ደፋር ነበር። "ምን ያልጎደለኝ አለ? ዓመት ሙሉ ጥለሽኝ ጥርሴ ዝጓል፣ ጫፌ ተሸርፏል፣ እጀታዬ ላልቷል። እንዲህ ሆኜ ልቆፍር ብልሽ መሬቱን ሳይሆን እግርሽን ነው የምቆፍረው!"

እንጉዳይ ከጓንጉል ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ወደ ቀጥቃጭ ወሰደችው። እሳት ገባ፣ ተቀጠቀጠ፣ አዲስ እጀታ ለበሰ፣ እየበረቀ ተመለሰ።

ቀጥላ የችግኝ መከለያ ወደሆነው ዳስ ሄደች። በአራት ባላ ላይ የቆመ፣ በሣር የተከደነ፣ ለጋ ችግኝ ከፀሐይና ከበረዶ የሚጠለልበት ዝቅ ያለ ዳስ ነው፤ እሱ ግን ራሱን እንደ አዳራሽ ይቆጥር ነበር።

"ዳሴ፣ አንተስ ምን ጎደለህ?"

"እኔ ለሰርግም ለለቅሶም የምጣል ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት አይገባኝም ነበር" አለ ዳሱ። "ግን እውነቱን ካልሽ፣ የቀኝ እግሬን ምስጥ በልቶታል። ጣሪያዬም ያፈሳል። ሳታድሺኝ ችግኝ ከሥሬ ብታስቀምጪ ላያቸው ላይ እወድቃለሁ።"

የተበላውን ባላ ነቀለች፣ አዲስ ተከለች። አሮጌውን ሣር አራግፋ አዲስ ከደነች። ዳሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሦስተኛ ወደ ቅሏ መጣች።

"ቅሌ፣ አንቺስ ምን ጎደለሽ?"

ዶማው ከበሩ ሥር ሆኖ ይሰማል። "አንቺ ዝምተኛ፣ ተናገሪ እንጂ!" አለ። "ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ አንቺ ባገርሽ ዝምታሽን መስበር አቃተሽ?"

ሁሉም ሳቁባት። ቅሏ ከጭሱ ይልቅ ጠቆረች። በዚያች ቅጽበት ቃሉ አንገቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ወስፌውም ከጎኗ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ፣ ተሰክቶ ይጠብቃል። ግን ሳቃቸው ቃሉን መልሶ ወደ ሆዷ አወረደው።

"ምንም አልጎደለኝም፣ እመቤቴ።"

እንጉዳይ መቆፈር ጀመረች። ዶማው ሲወርድ መሬቱ "እህ!" ይላል፣ ሲነሣ "ተመስገን" ይላል። የአረሙን ሥር እየለቀመች ወደ ውጭ ጣለች። ጓሉን ከሰከሰች። የበሰበሰ ፍግ አለበሰች፣ ለምስጥ መከልከያ አመድ ነሰነሰች። ከዳሱ ሥር መደቡን ከፍ አድርጋ ሠራችና በመዳፏ እንደ ሕፃን ራስ ዳበሰችው። ከመደቡ የሚፈላው ችግኝ ሲጠነክር ጓሮውን ሁሉ ሊያለብስ ነው።

የመዝሪያው ቀን ደረሰ። ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች በመቀነቷ ጫፍ ዘር ቋጥራ መጣች። የቅሏ ምርጊት ተነሣ፣ ቆረቆንዳው ወጣ። እንጉዳይ ዘሩን በመዳፏ አፈሰሰችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ሻገት ሻገት አለኝ እኮ። ቅሌ፣ ደህና ነው?"

እትዬ አሰገደች አሸተተች። "እኔም አልጣመኝም። እንጉዬ፣ ለምን አታደባልቂውም? ከእኔ ያዢ፣ ይኸው፣ ይተርፈኛል።"

እንጉዳይ የቅሏን መልስ ጠበቀች። ቅሏም ሁለቱ ሴቶች አፍጥጠው ሲያዩዋት ጊዜ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"የጭስ ሽታ ነው" አለች። "ደህና ነው።"

"አየሽ እትዬ" አለች እንጉዳይ፣ "የጓንጉል እጅ ከድኖት እንዴት ይበላሻል? የእሱን ዘር ከሰው ዘር ማደባለቅ ደግሞ እሱን ሁለተኛ መቅበር ነው። ይስጥልኝ፣ ለራስሽ ያድርግልሽ።"

እትዬ አሰገደችም ዘሯን ይዛ ሄደች፣ በራሷ መደብ ዘርታ ጨረሰችው።

እንጉዳይ ባዶዋን ቅል መልሳ ሰቀለችና የባሏን ዘር በተርታ አንጠባጠበች። ስስ አፈር አለበሰች፣ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘች። ጠዋት ጠዋት ቅጠል ውኃ ውስጥ እየነከረች እንደ ጸበል ትረጨዋለች። ማታ ማታም ትረጨዋለች። ጉዝጓዙን ገለጥ እያደረገች ታያለች። ምንም የለም። ነገ ይሆናል ትላለች። በማግስቱም ምንም የለም። የእትዬ አሰገደች መደብ አረንጓዴ ሆነ። የእንጉዳይ መደብ እንደ መቃብር ዝም አለ።

ዶማው ማዘን ጀመረ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በጣም ጠልቄ ቆፍሬ የታችኛውን ቀዝቃዛ አፈር አወጣሁት።"

"የለም፣ የእኔ ነው" አለ ዳሱ። "ጥላዬ ከበዳቸው። ጨለማ ውስጥ ማን ይበቅላል?"

እንጉዳይ ምድጃው ሥር ተቀምጣ መዳፏን አገላብጣ አየችው።

"የማናችሁም አይደለም" አለች። "እጄ ነው የሞተው። ለካ ሲያበቅል የነበረው የጓንጉል እጅ ነበር። የእኔማ ሬሳ የገነዘ እጅ ነው፤ ምን ያበቅላል? ይምጣና ይውሰደው፣ ጓሮውን። መካን እጅ ጓሮ አያስፈልገውም።"

ቅሏ ይህን ሰማች። ስንጥቋ ሲያማት የኖረው ይህን ያህል አላመማትም። ዶማው በማያውቀው ጥፋት ራሱን ሲወቅስ፣ ዳሱ በሌለበት ነገር ሲያፍር፣ እመቤቷ በሕይወት ያለ እጇን ስትቀብር አየች። ከግድግዳው ዞረች። ከተሰነጠቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ለሰው ሰጠች።

"እመቤቴ፣ እጅሽ አልሞተም። ጀርባዬን እዪው።"

እንጉዳይ ቀና አለች።

"የጓንጉል ሬሳ የወጣ ዕለት ተሰንጥቄያለሁ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ክረምቱን ጉም በሆዴ ተኝቶ ከርሟል። ቀዘቀዝሽ ስትዪኝ እሱ ነበር። ሻገተ ስትዪም ሻግቶ ነበር። ዘሩን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

እንጉዳይ ተነሣች። ጥላሸቱን በአውራ ጣቷ ጠረገችና ስንጥቁን በጥፍሯ ተከተለችው።

"ይቺን?" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ለቅሏ ይሻላት ነበር። "ይቺን ስንጥቅ? እኔ ሰፌድ ሰፊዋ እያለሁ? የጠዋት ሥራ እኮ ናት፣ ቅሌ። ቁርሴን ሳልበላ ሰፍቼ እጨርሳት ነበር።"

ወስፌውም ከተሰካበት ሆኖ ተናገረ። "ጎንሽ ነበርኩ። ዓመት ከመንፈቅ ጎንሽ ነበርኩ። አንድም ቀን አልጠራሽኝም።"

ቅሏ ብዙ አለቀሰች፤ እንባዋ ግን በስንጥቋ ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"እመቤቴ፣ ጉሙ የተኛው ሆዴ ውስጥ ነው። አንገቴ ጭሱ ውስጥ ስለሆነ እዚያ አልደረሰም። ጓንጉል ሲወትፈኝ ጥቂት ዘር አንገቴ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ደረቅ ነው፣ ይሰማኛል።"

እንጉዳይ አራገፈቻት፤ አልወጣም። በስንጥር ቆረቆረች፤ አልወጣም። በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት፤ አልወጣም።

"ስበሪኝ" አለች ቅሏ።

"አልሰብርሽም። የጓንጉል የእጁ አሻራ ያለው ባንቺ አንገት ላይ በቀረው ምርጊት ነው። ሌላ የቀረኝ የለም።"

"አሻራው ጓሮ አይሆንሽም። ስበሪኝ።"

እንጉዳይ ዶማውን አነሣች። ያ አፈ ደፋር ዶማ አፉን ያዘው። "እኔን አታድርጊኝ" አለ። "ስቄባታለሁ። ባልስቅባት ኖሮ ያን ቀን ትናገር ነበር።"

"ና፣ ወንድሜ" አለችው ቅሏ። "አሁን አላፍርም።"

ዶማው ወረደ። ቅሏ ቀጭ አለች፤ አሁን ሁሉም ሰማት። ከአንገቷ ስባሪ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ፣ ቁንጥር የሚያህል፣ እንደ ወርቅ የቀላ ዘር ወጣ። እንጉዳይ ከዳሱ ሥር፣ በመደቡ አንድ ጥግ ዘራችው። የቅሏን ስባሪም ነፋስ እንዳይመታው ዙሪያውን ተከለችው። ቅሏ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ዝናቡ ጣለ። ቢያድግልኝ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ጓሮውን ዞሩ፤ ጥቁር አፈር ብቻ ነበር። ከዳሱ ሥር ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ በቅሉ ስባሪ መሐል፣ ገና ሁለት ሁለት ቅጠል ያወጡ ጥቂት ችግኞች ቆመዋል።

"ይሄማ የዶሮ ቁርስ ነው!" አለ ቢያድግልኝ። "ይህ ጓሮ ለማ ይባላል?"

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ በዱላው ተደገፈና ጠየቀው። "ልጄ፣ በጦም ቀን አንዲት ጥሬ የቀመሰ ሰው ጦመ ይባላል?"

"አይባልም።"

"ጎረቤቱ ቀመሰ ተብሎ ያልቀመሰውስ ጦሙን ፈታ ይባላል?"

"አይባልም።"

"እንግዲያው መሬቱም እንዲሁ ነው። የቀመሰው ቦታ አልጦመም፤ የእሷ ነው። ያልቀመሰው ጦሟል፤ ያንተ ነው።"

ፍርድ ተፈረደ። ከሰፊው ጓሮ ለእንጉዳይ የቀረላት የዳሱ ጥላ የሚያርፍበት ብቻ ሆነ። አንድ የላም ቆዳ ቢነጠፍ ይሸፍነዋል። ቢያድግልኝ ቀሪውን በእሾህ አጠረ። እሾሁን ሲጥል ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም አንድም ቀን በስሟ አልቀለደባትም።

ዳሱ ዙሪያውን አየና "ለሰርግም ለለቅሶም እጣላለሁ እል ነበር" አለ። "ይህኛው የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።"

"ሁለቱንም ነው" አለችው እንጉዳይ፣ ውኃ እየረጨች።

ችግኞቹ አደጉ፣ አበቡ፣ አፈሩ። ማዶ ያለው ሰው አላስነጠሰም፤ ያን ያህል አልነበረም። ለዘር ግን በቃ። እንጉዳይ አዲስ ቅል አመጣች። ከመስቀሏ በፊት ደጅ ብርሃን ላይ አገላበጠቻት፣ ጀርባዋን ዳበሰቻት፣ ውኃ ሞልታ ጠበቀች። ከዚያም ወስፌውን አሳየቻትና "ይኸውልሽ፣ ጎንሽ ነው" አለቻት። ከዚያ ዘመን ወዲህ በዚያ አገር ሴቶች የዘር ቅል ሲሰቅሉ "ደህና ነሽ?" ብለው አይጠይቁም፤ "የቱ ጋ ነው ያመመሽ?" ብለው ነው የሚጠይቁት።

እኔም በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁ፤ እናንተም የሰማችሁትን ያዙ፦

ስንጥቋን የተናገረች ቅል በወስፌ ትሰፋለች፤ የደበቀች ቅል ተሰብራ ትናገራለች።